በውሉ የተጻፈውና ያልተጻፈው፦ በትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ለሚሠሩና ሊቀጠሩ ላሰቡ

ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚሠራን ሰው «ከሥራህ ምኑን ትወዳለህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ የሚቆጥረው አብዛኛው ነገር በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይገኛል፤ ደመወዙ፣ አክሲዮኑ፣ የሕክምና መድኑ፣ የወሊድ ፈቃዱ፣ የጡረታ ቁጠባው። «ምኑን ትጠላለህ?» ቢሉት ግን መልሱ የትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ማን እንዴት እንደሚመዝነው፣ ቲሙ መቼ እንደሚበተን፣ ቀኑን ስንት ስብሰባ እንደሚበላው፣ ሌሊት ስልኩ ስንቴ እንደሚጮህ የሚገልጽ አንቀጽ በቅጥር ውል ውስጥ አይገባም። በትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ለሚሠራም ሆነ ሊቀጠር ላሰበ ሰው የሚበጀው ምክር ከዚህ ይነሣል፤ የተጻፈውን በትክክል ያስሉ፤ ያልተጻፈውን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ራስዎ ይጻፉት።

ማይክሮሶፍትን ምሳሌ ማድረግ የሚመቸው በሁለት ምክንያት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው በሲያትል አጠገብ፣ በሬድመንድ ነው፤ ሲያትልና አካባቢዋ ደግሞ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት። ሁለተኛ፣ ኩባንያው በ1975 ከተመሠረተ ወዲህ በሠራተኛ አያያዝ ያደረጋቸው ለውጦች በአደባባይ የታወቁ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ2025 አጋማሽ 228 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በአማዞን ወይም በጉግል የሚሠራ አንባቢም ከሚከተለው ብዙውን በራሱ ቤት ያገኘዋል።

ክፍያውን በየዓመቱ ከፋፍለው ያስሉ

የትልልቅ ኩባንያዎች ክፍያ ሦስት ክፍል አለው፤ መደበኛ ደመወዝ፣ ዓመታዊ ቦነስ እና አክሲዮን። ስሌቱ የሚያሳስተው በሦስተኛው ላይ ነው። ማይክሮሶፍት እስከ 2003 ድረስ ለሠራተኛው ይሰጥ የነበረው በተወሰነ ዋጋ አክሲዮን የመግዛት መብት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው ራሱን አክሲዮኑን ነው። አክሲዮኑ ግን በአንድ ጊዜ እጅ አይገባም፤ በአብዛኛው በአራት ወይም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይለቀቃል። 100 ሺህ ዶላር አክሲዮን በአራት ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 25 ሺህ ነው፤ በመካከል የለቀቀ ሰው ቀሪውን ጥሎ ይሄዳል። አማዞን ደግሞ ለረጅም ጊዜ የታወቀው በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15 በመቶ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 40፣ 40 በመቶ በመልቀቅ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክፍተት በጥሬ ገንዘብ ይሞላል። ስለዚህ ሁለት ኦፈር ሲያወዳድሩ በጠቅላላ ድምሩ አይወስኑ። ወረቀት ያውጡና ከአንደኛው እስከ አራተኛው ዓመት በየዓመቱ የሚገባውን ገንዘብ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ግብሩንም አብረው ያስሉት። አክሲዮኑ በተለቀቀበት ቀን ያለው ዋጋ እንደ ደመወዝ ታስቦ ግብር ይከፈልበታል። አሠሪው ለፌዴራል መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው 22 በመቶ ነው። ገቢዎ 32 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ላይ ከደረሰ ግን፣ 40 ሺህ ዶላር አክሲዮን ሲለቀቅ የሚቀነሰው 8,800፣ የሚፈለግብዎት 12,800 ይሆናል። የ4 ሺህ ዶላሩ ልዩነት በኤፕሪል ግብር ሲያሳውቁ ይመጣል፤ አክሲዮን በተለቀቀ ቁጥር ለይተው ያስቀምጡት። ዋሽንግተን ግዛት ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይጥልም፤ ካሊፎርኒያ ትጥላለች። ከሬድመንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚወስድ ኦፈር ሲመጣ ይህም ከሒሳቡ ይግባ።

የተለቀቀውን አክሲዮን ሁሉ ይዞ መቆየትም አደጋ አለው። የማይክሮሶፍት አክሲዮን በ1999 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያለፈው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት ደመወዙም ቁጠባውም ከአንድ ኩባንያ የነበረ ሰው ከፍታው እስኪመለስ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቋል። «ዛሬ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጄ ቢኖር የዚህን ኩባንያ አክሲዮን እገዛበት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አልገዛበትም» ከሆነ ሸጦ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

የጡረታ ቁጠባው ላይ ደግሞ ሳያዩት የሚያልፍ ገንዘብ አለ። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ሠራተኛው 401ኬ በሚባለው ቁጠባ ከሚያስገባው ላይ ግማሹን ያህል ይጨምራል። በ2025 ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ ሠራተኛ ከደመወዙ እንዲያስገባ ሕግ የፈቀደው እስከ 23,500 ዶላር ስለሆነ፣ ሙሉውን ያስገባ ሰው ከአሠሪው እስከ 11,750 ያገኝ ነበር ማለት ነው። ለወላጅ የሚልክ፣ ለእህት ወንድም የሚከፍል ሰው ይህን ቁጠባ «ሲመቸኝ» ብሎ ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል። ዕቁብ እንኳ የጣሉትን ነው የሚመልሰው፤ ዳኛው ከኪሱ ግማሽ አይጨምርም። ሙሉውን ማስገባት ባይችሉም በትንሹ ይጀምሩና ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ከፍ ያድርጉት። ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ እየተቀነሰ የኩባንያውን አክሲዮን በ10 በመቶ ቅናሽ የሚያስገዛ ፕሮግራምም አለ፤ ከላይ ያልነውን ጥያቄ ሳይረሱ ይጠቀሙበት።

ፈቃድን በተመለከተ ሠራተኞች በጣም የሚወዱት የወላጅነት ፈቃድ ነው። በ2015 በታወጀው ደንብ አዲስ ወላጅ ሁሉ 12 ሳምንት፣ የወለደች እናት ደግሞ 20 ሳምንት ከሙሉ ክፍያ ጋር ታገኛለች። በጃንዋሪ 2023 ኩባንያው በአሜሪካ ላሉ የወር ደመወዝተኞች የዓመት ፈቃድን ገደብ አነሣ። ይህ መልካም ዜና አንድ ነገር ይዞ ሄደ፤ የሚጠራቀም ቀን ስለሌለ ሲለቁ በገንዘብ የሚታሰብ ፈቃድ የለም። ደግሞም ገደብ የሌለው ፈቃድ መጠኑን የሚያገኘው ከአለቃው ልማድ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ባለፈው ዓመት የቲሙ ሰዎች ስንት ሳምንት ዕረፍት ወሰዱ?» ብለው ይጠይቁ። የገናንና የስቅለትን ቀን አስቀድመው ካሌንደሩ ላይ ያስፍሩ፤ የእኛ በዓል እዚያ አገር ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ላይ ስለሚውል ማንም በራሱ አያስታውስልዎትም።

«ሥራህ ያውጣህ» የማይበቃበት ቦታ

በማይክሮሶፍት ታሪክ ሠራተኛው እንደ ምዘናው አምርሮ የጠላው ነገር ያለ አይመስልም። ለዓመታት እያንዳንዱ አለቃ የቲሙን ሰዎች በደረጃ እንዲደረድር ይገደድ ነበር፤ ጥቂቱ ምርጥ፣ ብዙው ደህና፣ ጥቂቱ ደካማ መባል ነበረበት፤ ሁሉም ጎበዝ ቢሆኑ እንኳ። ቫኒቲ ፌር መጽሔት በ2012 ስለ ኩባንያው ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ጸሐፊው ያነጋገራቸው የቀድሞና የጊዜው ሠራተኞች በሙሉ ከሁሉ የከፋ ጎጂ አሠራር ያሉት ይህንኑ ነበር። ውጤቱም ግልጽ ነው፤ ጎበዝ ከጎበዝ ጋር አንድ ቲም ውስጥ መግባት ይፈራል፤ ባልደረባን መርዳት ራስን ዝቅ ማድረግ ይሆናል። በኖቬምበር 2013 አሠራሩ ቀረ።

ዛሬ ሠራተኛው የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ራሱ ምን ሠራ፣ ለሌሎች ውጤት ምን አዋጣ፣ የሌሎችን ሥራ ተጠቅሞ ምን ገነባ። ይህ ከቀድሞው እጅግ ይሻላል። ሆኖም የቦነስና የአክሲዮን በጀት የተወሰነ ስለሆነ ማወዳደሩ ፈጽሞ አልጠፋም። አለቃዎ ስለ እርስዎ የሚናገረው እርስዎ በሌሉበት፣ ሥራዎን ዓይተው በማያውቁ ሰዎች ፊት ነው። «ሥራህ ያውጣህ» ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ይከብዳል፤ ስለ ራስ መናገር ጉራ ይመስላል። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራው በራሱ አይናገርም፤ አለቃው በእጁ የያዘው ማስረጃ ነው የሚናገረው።

መፍትሔው ዘወትር ዓርብ አሥር ደቂቃ መጻፍ ነው። ምን ተሠራ፣ ማን ተጠቀመበት፣ በቁጥር ምን ተለወጠ። «ሰርቪሱን አሻሻልኩ» ማንንም አያሳምንም። «መግቢያ ገጹ ለመከፈት ይወስድበት የነበረውን 4 ሰከንድ ወደ 1.5 አወረድኩ፤ ሌሎች ሁለት ቲሞችም ኮዱን ወስደው እየተጠቀሙበት ነው» ግን አለቃው ቃል በቃል ሊደግመው የሚችል ዐረፍተ ነገር ነው። የረዱትን ሰው ስምም ይመዝግቡ፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለተኛው የሚመለሰው በዚህ ነው። ምዘና ሲደርስ ያለፉትን ወራት ከማስታወስ ይድናሉ።

ስለ ዕድገትም እንደዚሁ። «ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመድረስ ምን ይጎድለኛል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል ለአለቃዎ ይላኩ፤ «ዛሬ እንደተነጋገርነው እነዚህን ሁለት ነገሮች እስከ ጁን እሠራለሁ» ብለው። አለቃ ይቀየራል፤ የቃል ተስፋ አብሮት ይሄዳል፤ ኢሜይሉ ይቀራል።

ጭማሪ መጠየቅ ነውር አይደለም

በኦክቶበር 2014 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ በሴት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ተጠየቁ። ከመጠየቅ ይልቅ ሥርዓቱ ተገቢውን እንደሚሰጥ ማመን ይሻላል የሚል መልስ ሰጡ። ቁጣ ተነሣ። በዚያው ቀን ለሠራተኞቻቸው ጽፈው መልሳቸው ስሕተት እንደነበር አመኑ፤ ጭማሪ ይገባኛል የሚል ሰው በቀጥታ ይጠይቅ አሉ። ታላቅን ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ሆኖበት ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ለመጠየቅ ግን መረጃ ይያዙ። ዋሽንግተን ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ክፍት የሥራ ቦታ የሚያወጣ ቀጣሪ የደመወዙን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ እንዲገልጽ ታስገድዳለች፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ሁሉ ይመለከታል። ኩባንያዎ በእርስዎ ደረጃ ሰው ሲፈልግ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ያንብቡና የት ላይ እንዳሉ ይወቁ። ጊዜውንም ይምረጡ። የማይክሮሶፍት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ጁን 30 ነው፤ ውሳኔው ለሠራተኛው በሚነገርበት በኦገስት መጠየቅ ካለፈ በኋላ መሮጥ ነው። ጥያቄው በፀደይ፣ በጀቱ ሳይታሰር ይቅረብ። በሜይ 2023 እንደሆነው ኩባንያው ለወር ደመወዝተኞች የዚያን ዓመት መደበኛ ጭማሪ በሙሉ ካስቀረ ደግሞ፣ ስለ አክሲዮን ወይም ስለ ደረጃ ዕድገት ይነጋገሩ።

ስብሰባ ላይም ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። እዚያ ከሥራ አስፈጻሚው ጀምሮ ሁሉም በስሙ ይጠራል፤ አለቃን በሰው ፊት መቃወምም እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ለዚህ አፍዎ ካልተፈታ በጽሑፍ ይጀምሩ። የሥራ ዕቅድ ሰነድ ሲዘዋወር ስብሰባው ሳይደርስ ሁለት ሦስት አስተያየት ከጎኑ ይጻፉ፤ ስብሰባው ላይ ሰዎቹ ራሳቸው ያነሡልዎታል።

የሚቀጠሩት ቲም ውስጥ ነው

ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያለበት ቤት አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። አዡር በሚባለው የማይክሮሶፍት የክላውድ አገልግሎት ላይ የሚሠራ ሰው ደንበኛው ሌሊት ሲቸገር በተራው ስልክ ይዞ ያድራል፤ ሌላ ሕንፃ ያለው ጓደኛው ይህን አያውቀውም። ስለዚህ «ማይክሮሶፍት እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅምም። ከመፈረምዎ በፊት የወደፊት አለቃዎንና ቢያንስ አንድ የቲሙን አባል እነዚህን ይጠይቁ፦

1. የቀድሞው ሰው ለምን ለቀቀ? ወይስ ቦታው አዲስ ነው?
2. ባለፉት ሁለት ዓመታት ቲሙ ስንት ጊዜ እንደገና ተዋቀረ፣ አለቃውስ ስንት ጊዜ ተቀየረ?
3. የስልክ ተረኝነት አለ? በስንት ሳምንት ይደርሳል? ሌሊት ስንት ጊዜ ይጠራል?
4. ካለፈው ዓመት ወዲህ ከቲሙ ማን አደገ? ምን ሠርቶ?
5. በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ ይገባል? ከቤት የመሥራት ፈቃድ ካለ በጽሑፍ ይሰጣል?

አለቃው በተለይ ለሁለተኛውና ለአራተኛው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካጣ፣ መልስ ማጣቱ ራሱ መልስ ነው። አምስተኛውም ቀላል አይደለም። አማዞን የቢሮ ሠራተኞቹን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን አስገብቷል። ማይክሮሶፍትም በሴፕቴምበር 2025፣ በሲያትል አካባቢ ከቢሮ በ50 ማይል ውስጥ የሚኖሩ ሠራተኞች እስከ ፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን መግባት እንደሚጀምሩ አስታውቋል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ቤት ርካሽ ነው ብሎ ከሬድመንድ በራቀችው ታኮማ የገዛ ሰው የሬድመንድን መንገድ እንደገና ማስላት ግድ ሆኖበታል።

በባጁ ቀለም የሚለይ ሥራ

በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ኮድ ላይ ተቀምጠው ውላቸው የተለያየ ሰዎች አሉ። የማይክሮሶፍት ቋሚ ሠራተኛ ሰማያዊ ባጅ ይይዛል፤ በሌላ ድርጅት በኩል የመጣው ብርቱካናማ። በ1990ዎቹ ለዓመታት «ጊዜያዊ» ተብለው የሠሩ ሰዎች ኩባንያውን ከስሰው ነበር፤ ክሱም በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተጠናቀቀ። በ2014 የወጣው ደንብ ደግሞ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ከ18 ወር በኋላ ለስድስት ወር ከኩባንያው ሕንፃና ኔትወርክ እንዲርቅ አደረገ። በውጭ ድርጅት በኩል መግባት ለጀማሪ በር ሊከፍት ይችላል፤ ልምድና የሚያውቅዎት ሰው ያስገኛል። ሲገቡ ግን ከላይ የቆጠርነው አክሲዮን ከእርስዎ ጋር እንደማይመጣ ይወቁ፤ የመድኑንና የዕረፍቱን ጉዳይ የሚወስነው ቀጣሪው ድርጅት ነው፤ እሱን ይጠይቁ። የመጨረሻ ቀንዎን ካሌንደር ላይ አስፍረው ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብለው ቋሚ ቦታ መፈለግ ይጀምሩ።

ሌይኦፍ ሳይመጣ መዘጋጀት

ማይክሮሶፍት በ2014 እስከ 18 ሺህ፣ በጃንዋሪ 2023 10 ሺህ፣ በሜይ 2025 6 ሺህ ያህል፣ በጁላይ 2025 ደግሞ 9 ሺህ ያህል ሠራተኞችን የሚነኩ ቅነሳዎችን አስታውቋል። ጁን 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኩባንያው አትራፊ መሆኑም ሆነ የእርስዎ መልካም ምዘና መድን እንደማይሆን ከዚህ ይረዱ። ቅነሳ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት እንጂ በሰው ትጋት አይደለም።

የመኖሪያ ፈቃድዎ ዓይነት አደጋውን ይለውጠዋል። በዲቪ የገባ ሰው ግሪን ካርዱ ከአሠሪው ጋር አልታሰረም። ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን ሥራው ከተቋረጠ ሌላ አሠሪ ለማግኘት፣ ቪዛ ለመለወጥ ወይም ለመውጣት ያለው ጊዜ እስከ 60 ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሥራ ታሪኩን ጽሑፍ ዘወትር የታደሰ ማድረግና የቪዛ ወረቀቶቹን ግልባጭ ከኩባንያው ኮምፒውተር ውጭ መያዝ አለበት፤ ቅነሳ በተነገረበት ቀን ኮምፒውተሩ ሊዘጋ ይችላል።

ወረቀት ሲቀርብልዎት በዚያው ቀን አይፈርሙ። የስንብት ክፍያው የሚሰጠው ኩባንያውን የመክሰስ መብትዎን በመተው ስለሆነ ጠበቃ ያሳዩት። ዕድሜው 40 የሞላ ሠራተኛ በቡድን ቅነሳ ጊዜ ለማሰብ ቢያንስ 45 ቀን፣ ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ 7 ቀን በሕግ አለው። የሕክምና መድኑን ኮብራ በሚባለው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር በራስ ወጪ ማስቀጠል ይቻላል፤ ውድ ነውና ከትዳር ጓደኛ መድን ጋር ያወዳድሩ። የስድስት ወር ወጪ በባንክ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ያነባል።

ያልተጻፈ መልካም ነገርም አለ

ሠራተኞች ለዓመታት የሚቆዩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ገበያ ላይ ሲውል ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አብሮት መጣ፤ ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ለማንበብ ፊደሉን ለብቻው መጫን ያስፈልግ ነበር። የጥቂት ሰዎች ሥራ ከዚያ ወዲያ በየአገሩ በየኮምፒውተሩ ገባ። ትንሽ ኩባንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፋት አይገኝም። በሙያው የታወቀ ሰው ኮድዎን መስመር በመስመር አይቶ ማረሙም እንደዚሁ፤ ለጀማሪ ይህ በክፍያ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ፣ ቦነስ በሚከፈልበት በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ አዲስ ዓመታችን በገባ በሳምንቱ፣ ሦስት ነገር ጽፈው ይዩ፤ ባለፈው ዓመት የማላውቀው ምን ተማርኩ? በሌለሁበት የሚሟገትልኝ አለቃ አለኝ? በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚለቀቀው አክሲዮን ስንት ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ካላቸው ይቆዩ። መልስ ያለው ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ቲም መቀየር ይጀምሩ፤ በውስጥ ዝውውር አክሲዮኑ ሳይጠፋ አለቃና ሥራ ይለወጣል። ሦስቱም ባዶ ከሆኑ ደግሞ የሥራ ታሪክዎን ጽሑፍ በዚያው ሳምንት ያድሱ።